ሽታ የሌለው ሙጫ

ሰው ጅብ ይፈራል፣ እባብ ይፈራል፣ አለቃውን ይፈራል። እኔ የምፈራው ሽታ ነው። ሳቁ፤ የሌላ ሰው ጉድ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ዘይነባ አስም አለባት። እኔ ደግሞ አናጺ ነኝ። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ ምን እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ፤ አላወቅሁም። ከሦስት ዓመት በፊት ክረምት ላይ፣ የአሰላ ዝናብ ውጪ አላሠራ ሲለኝ፣ አንድ የሙሽራ አልጋ ሳሎን አስገብቼ ቫርኒሽ ቀባሁ። በር ዘግቼ። እሷ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሁለተኛውን እጅ ቀብቼ ሳልጨርስ የቢላዋው ድምፅ ቆመ። ገብቼ ሳይ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ አየር ትፈልጋለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። በባጃጅ ይዣት ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ እሷን አየ፣ ከዚያ እጄ ላይ የደረቀውን ቫርኒሽ አየና፣ "ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። ምን ልበል?

ዘይነባ ዳነች። እኔ ግን አልዳንኩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢያችን የሚገባ ሰው ሁሉ በአፍንጫዬ በኩል ያልፋል። ሰላም እያልኩ አሸተዋለሁ። እኛ አገር ሰላምታው ረጅም ስለሆነ ጊዜ አለኝ፤ አንተ ደህና፣ ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና እያልን ከብቱ ጋ እስክንደርስ፣ ሽቶ የተቀባውን ካልተቀባው ለይቼ ጨርሻለሁ። የዘይነባን የእህት ልጅ ጥፍሯን ተቀብታ ስትመጣ ከበር መልሻታለሁ። ቀለሙ ከደረቀ ሳምንቱ ነው ብላ ብትምልም አልሰማኋትም። የጎን ጎረቤታችን የብረት በሩን ሊያስቀባ ሲል ሄጄ ለመንኩት፤ እምቢ ሲል ተጣላሁት። በሩ እስከ ዛሬ ዝገቱን እንደለበሰ ነው፤ እኛም አንነጋገርም። ቫርኒሽ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣብኝ፣ "እንጨት የሚያምረው እራቁቱን ነው" እለዋለሁ። አንዳንዱ ያምነኛል።

በአፍ የሚነፋው መድኃኒቷ፣ ፓፍ የምንለው፣ ከሥራ ቱታዬ የደረት ኪስ ወጥቶ አያውቅም። እሷ ትረሳዋለች ብዬ ነው። ረስታው ታውቃለች ወይ ብትሉኝ፣ አታውቅም።

ደግሞም ከቤት አላስወጣትም ነበር። አስሬያት አይደለም፤ በምክንያት ነው። ሠርግ ስትል ሽቶ፣ ገበያ ስትል በርበሬ፣ ሳጉሬ ያለችውን እህቷን ልይ ስትል ሚኒባስ። ሚኒባስ ውስጥ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ። እሷ የሳቅ ሰው ናት፤ ትስቅብኝና ትተወዋለች። የተወችው መስሎኝ ነበር።

መምህር ይበልጣል እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ነው ክፍል የተከራየው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ "ጋሼ" ሳይል አፉን የማይከፍት። አምስት ወር አብረን ስንኖር አንድም ቀን አልሸተተኝም ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማስቲሽ ሸተተኝ። ጫማ ሰፊዎች የሚያጣብቁበት፣ አናት የሚበጠብጠው ማስቲሽ! መጋዜን ጥዬ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁበት። አልጋው ላይ ከቀርከሃ ስንጥር የተሠራ የአውሮፕላን አጽም ተጋድሟል፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ይሆናል። ከጎኑ ቆርቆሮው አፉን ከፍቷል።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሞዴል አውሮፕላን ነው ጋሼ። ቅዳሜ የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀን ነው፤ ማራገቢያውን በላስቲክ ጠምዝዘን ተማሪዎቹ ፊት እናበርረዋለን።"

"እሱን አይደለም። ቆርቆሮው!"

"ማስቲሽ ነው፤ አጽሙን ፌስታል ላለብሰው ብዬ..."

"ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ አንተ ውጣ።"

መልሱን አልጠበቅሁም፤ ሁለቱንም አወጣኋቸው። ቆርቆሮውን በአጥር ላይ ወረወርኩት፤ የማልነጋገረው ጎረቤቴ ግቢ ገባ። መምህሩን ክንዱን ይዤ በሩ ጋ እንደደረስኩ ዘይነባ ከቤት ወጣች። እኔን አላየችኝም። መምህሩ እቅፍ ውስጥ ያለውን አጽም ነው ያየችው።

"ያ ረቢ! ይሄ ነገር ይበራል?"

"ከለበሰ ይበራል እትዬ።"

"እና ለምን አይለብስም?"

መምህሩ እኔን አየኝ። እኔ አጥሩን አየሁ።

"ቅዳሜ ሄጄ ሲበር አየዋለሁ" አለች።

"አትሄጂም" አልኩ። "ሜዳው አቧራ ነው። ነፋሱ ደግሞ ከጭላሎ ተራራ በቀጥታ ነው የሚወርደው።"

"አንተ ሰውዬ፣ የጠበበኝ ደረቴ ነው ወይስ ግቢው? ዓመት ሙሉ የማየው ያንተን አፍንጫ ነው። ዘንድሮ እንኳ አውሮፕላን ልይ።"

ገብታ የሠርጓ ሰሞን ያሰረችውን ቢጫ የሐር ሻሽ አምጥታ ክንፉ ላይ ጣለችው። ሻሹ ከመቅጠኑ የተነሣ የቀርከሃው ጎድን አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። "ይሄን አልብሱት" አለች። ከዚህ በኋላ እኔ የምለው ነገር ይኖራል? እምቢ ብል ትሄዳለች፤ መምህሩን ብተወው ማስቲሽ ያመጣል። ቢያንስ ሽታውን እኔ ላስተዳድረው ብዬ፣ "አውሮፕላኑን የማለብሰው እኔ ነኝ፤ በእኔ ሥራ ቤት ውስጥ፤ በማይሸት ነገር" አልኩ። መምህሩ "በጣም ጥሩ ጋሼ" አለ። ከግቢ ከመባረር የተረፈ ሰው ምን ይበል?

ሐሙስ ጀመርን። ነጩን የእንጨት ኮላ በውሃ አቀጠንነው። ይሄ ኮላ ምንም አይሸትም፤ አምስት ጊዜ አሽትቼዋለሁ፤ አንዴ በጣም ተጠግቼ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ጎድኖቹን በቀጭን ብሩሽ እንቀባለን፤ ሻሹን እርጥብ አድርገን እናለብሳለን፤ ከመሃል ወደ ጫፍ፣ ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያልን እንወጥራለን። አንድ ቦታ ከተጨማደደ እንደገና ነው። ሲደርቅ ሐሩ ራሱ ይሰበሰብና እንደ ከበሮ ይወጠራል። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ካቢኔ እንጂ ክንፍ ሠርቼ አላውቅም፤ እንዳማረልኝ አልደብቃችሁም። ጣቴ ኮላ በነካው ቁጥር ቱታዬ ደረት ላይ እጠርጋለሁ። ጨርቅ ፍለጋ ማን ይሄዳል?

አርብ የቀረው የመጨረሻው ቅብ ነበር። ሐሩ አየር እንዳያሳልፍ አንድ እጅ መቀባት አለበት አለ መምህሩ፤ ከአዳማ በሰው ያስመጣውን በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽም ሰጠኝ። ቫርኒሽ የሚለውን ቃል ስሰማ ክንዴን ዘርግቼ ቆርቆሮውን ከአፍንጫዬ አራቅሁት።

"ይሄኛው አይሸትም ጋሼ። ያንብቡት።"

አነበብኩት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፣ ከጎልማሶች ጋር፣ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ እያለኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእሱ የተጻፈ ይመስለዋል። ከልጅነታቸው የተማሩት ቆርቆሮ አያነቡም። እኔ እስከ ታች አነባለሁ። ከላይ በትልቁ "ሽታው አነስተኛ የሆነ" ይላል። ከታች በደቃቁ "ነፋስ እንደ ልብ በሚገባበት ቦታ ብቻ ይጠቀሙ" ይላል።

"መምህር፣ አነስተኛ ስንት ነው?"

"ያው ትንሽ ማለት ነው ጋሼ።"

"ለማን ነው ትንሽ? ላንተ ነው ለሷ?"

ቆርቆሮውን ከእጄ ወስዶ አገላበጠው።

"ካልሸተተስ ነፋስ ምን ያደርግለታል?"

"ሽታ የለውም ማለት ምንም አይወጣውም ማለት አይደለም። ስለማይሸት አናውቀውም እንጂ ጥቂት ነገርማ ይተናል። መስኮቱን ከፍተው ከሠሩ ችግር የለውም" ብሎ ደብተሩን ይዞ ክፍል ሊያስተምር ሄደ።

ይህን ነግሮኝ ይሄዳል? የድሮው ቫርኒሽ እንኳ ጨዋ ነው፤ መጣሁ ብሎ ነው የሚመጣው። ይሄኛው ጫማውን አውልቆ የሚገባ ነው። የእኔ ሥራ ቤት መስኮት ደግሞ የሚከፈተው በጓዳው መስኮት ትይዩ፣ ልክ ዘይነባ በምትቆምበት በኩል ነው። መስኮቱን ከከፈትኩ የማይሸተው ነገር ቀጥ ብሎ ወደሷ ሊሄድ ነው። እኔ እንደሆንኩ አፍንጫዬ አይይዘው!

ስለዚህ ቆርቆሮው ያዘዘውን ገልብጬ ሠራሁ። መስኮቱን ዘጋሁ፤ በላዩ ጆንያ ሰቀልኩ፤ የበሩን ሥር በአሮጌ ጨርቅ ደፈንኩ። ሥራ ቤቱ መቃብር ሆነ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የፈራ ሰው ሐሳብ አያልቅበትም። ዘይነባ አንዲት ቀይ እንቁላል ጣይ ዶሮ አለቻት፤ ከእኔ ይልቅ የምታነጋግራት እሷን ነው። የዶሮ ደረት ምን ያህል ነው? ጭብጥ የማትሞላ። እሷ ከቻለችው ዘይነባ አያቅታትም ብዬ ዶሮዋን በብብቴ ይዤ ገባሁና ጥግ ላይ፣ የሳንቃ ቁልል ላይ አስቀመጥኳት። የስልኬን መብራት ክንፉ ላይ አድርጌ መቀባት ጀመርኩ።

ሁለት ጎድን ቀብቼ ዶሮዋን አየኋት። ቆማለች። አራት ጎድን ቀብቼ አየኋት። ተቀምጣለች። "አይዞሽ" አልኳት። ስድስተኛው ላይ አንገቷ ወደ ትከሻዋ ገባ። ከዚያ ዓይኗ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ተከደነ።

ዶሮ ሲጨልም እንደምትተኛ፣ ገብስና ዶሮ መሃል ያደግሁ ሰው አላውቅም ልበላችሁ? አውቃለሁ። ግን የፈራ ሰው የሚያውቀውም ይጠፋዋል። እኔ የታየኝ ዶሮ አልነበረም። ዘይነባ ናት፤ ያን ቀን መሬት ላይ እንደተቀመጠች።

ሞተች አልኩ። ወይም እየሞተች ነው። እየሞተች ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሳልደርስባት ከሞተች በክት ናት፣ ማንም አይበላትም። የሚስቴን ዶሮ ገድዬ በዚያ ላይ በክት ላደርጋት? ቢላዋ አነሳሁ። ፊቷን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ ማዞር አለብኝ። ቂብላው የት ነው? ሃያ ዓመት የሠራሁበት ቤት ውስጥ፣ በጨለማ፣ ዶሮ በግራ ቢላዋ በቀኝ ይዤ ሰሜንን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። በመጨረሻ ይሆናል ባልኩት በኩል አዙሬ "ቢስሚላሂ" ስል፣ ዶሮዋ ዓይኗን ገለጠች።

የጮኸችውን ጩኸት ልጽፈው አልችልም፤ የተማርኩት ፊደል አይበቃውም። ከእጄ ተፈናጥራ እርጥቡ ክንፍ ላይ አረፈች። ጭንቅላቷ በሁለት ጎድኖች መሃል ሐሩን በስቶ ወጣ። እሷን ልይዝ ስል ክንፉ ከማሰሪያው ተላቀቀ፤ ስልኬ ወደቀ፤ መብራት ፍለጋ በሩን በርግጄ ስከፍት በጎኔ አልፋ ወጣች። አንድ ሜትር ቢጫ ክንፍ አንገቷ ላይ አጥልቃ። ወላሂ፣ ሦስት እርምጃ ያህል መሬት ለቃ ሄዳለች።

ዘይነባ ግቢው መሃል ገብስ እያሰጣች ነበር። ያየችው እንግዲህ ይሄን ነው፤ የሠርግ ሻሿን ለብሳ የምትበር ዶሮ፣ ከኋላዋ ቢላዋ ይዞ የሚሮጥ ባል።

መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ ሆዷን። "ልታርዳት ነው..." አለች፣ አልጨረሰችውም። "ልታርዳት ነው ወይስ... ልትሳፈራት?" ብላ ገብሱ ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ስትስቅ ከሠርጋችን ወዲህ አላየኋትም። እኔም ልስቅ ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር።

ያኔ ሳሉ መጣ። አንድ። ሁለት። ከዚያ ሳሉ ቆመና ፉጨቱ መጣ። ያን ፉጨት አውቀዋለሁ።

እጄን ወደ ደረት ኪሴ ላክሁ። ኪስ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ጣቴን የጠረግሁበት ኮላ፣ ያ የማይሸተው ኮላ፣ ደርቆ ኪሱን ከቱታው ጋር አንድ ሳንቃ አድርጎታል። ፓፉ ከውስጥ አለ፤ እብጠቱን እዳስሰዋለሁ። የኪሱ አፍ ግን የለም። በጥፍሬ ቧጠጥኩት። በጥርሴ ልይዘው አንገቴን ደፋሁ፤ የሰው አንገት ደረቱ ድረስ አይደርስም፣ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከንፈሯን ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ። "ያ አላህ፣ እኔን ውሰደኝ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ እብድ።

ቱታዬን የሆነ ነገር ያዘኝ። ዓይኔን ስገልጥ ዘይነባ ናት። መናገር አልቻለችም፤ በጣቷ ቀኝ እጄን አሳየችኝ። ቢላዋው እዚያው ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ! እኔ ግን እጄ ድንጋይ ሆኗል። ከእጄ ነጠቀችኝ፤ በግራ እጇ አንገትጌዬን ጨምድዳ ወደሷ ሳበችኝና ቢላዋውን ደረቴ ላይ አሳረፈችው።

መምህር ይበልጣል በዚህች ሰዓት ነው በሩን ከፍቶ የገባው።

"እትዬ! በእግዚአብሔር! እትዬ!" ብሎ ደብተሩን ጣለ። ዶሮዋ ከነክንፉ በአጠገቡ አለፈች። የቱን እንደሚይዝ አላወቀም፤ ዶሮዋን ያዘ።

ኪሱ ተተረተረ። ፓፉ ወጣ። አንዴ ነፋችና ትንፋሿን ያዘች። ቆየች። እንደገና ነፋች። እኔ ገብሱ ላይ ተንበርክኬ እጠብቃለሁ። መምህሩ ዶሮ ታቅፎ ይጠብቃል። ስለዚያ ጥበቃ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ፉጨቱ ቀጠነ፤ ከዚያ ተቆራረጠ፤ ከዚያ ጠፋ። ቀለሟ ተመለሰ።

ለመናገር ስትበቃ የመጀመሪያ ቃሏ፣ "አሁንስ ምን ልትከለክል ነው? ሳቅ?" የሚል ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እያሰብኩ የነበረው እሱን ነው። መምህሩ ክፍሉን እንዲለቅ፣ ዶሮዋ እንድትታረድ፣ የሚያስቅ ሰው ከበር እንዲመለስ። ዝርዝሩን ጀምሬው ነበር።

"ቫርኒሹ አንድ ቀን አፈነኝ" አለች። "አንተ ሦስት ዓመት።"

መምህሩ ወደ አጥሩ ዞረ። እኔ የምዞርበት አልነበረኝም።

ፓፉን ቀሚሷ ኪስ ከተተችው። "ይሄ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው።"

"ብትረሺውስ?"

"አንተ ያስታወስከውን በቢላዋ ነው ያወጣሁት" አለችኝ።

ክንፉን የጠገንነው በዚያው ከሰዓት ነው። የተሰበሩትን ሁለት ጎድኖች በስንጥር አሰርን፤ ከሻሹ የተረፈውን ቆርጠን ለጠፍን፤ መስኮቱንም በሩንም በርግደን፣ ነፋሱ ኮላውን ከብሩሹ ላይ እያደረቀብን ሠራን። ዘይነባ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከእኛ ሩቅ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ትመራናለች። "እዚያ ጋ ተጨማዷል" ትላለች። ደግሞ ልክ ናት።

ቅዳሜ ሄደች። ባጃጅ ጭስ አለው አልኩ፤ ጋሪ የፈረስ ፀጉር አለው አልኩ። "እግር ምን አለው?" አለችኝ። በእግር ሄድን። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ሰላም ትላለች፤ ሰዉም ከሞት የተነሣች ያህል ያቅፋታል። እኔ ከኋላዋ፣ ማን ምን ተቀብቷል እያልኩ እያሸተትኩ። አንዲት ሴትዮ ሽቶዋ ከሩቅ ይጣራ ነበር። ዘይነባ ጉንጯን ሰጥታ ሳመቻትና ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ምላሴን ነክሼ ነበር።

ሜዳው ላይ ተማሪው ክብ ሠርቷል። መምህሩ ላስቲኩን ጠመዘዘ፤ አውሮፕላኑን ለዘይነባ ሰጣት። "ሻሹ የእርስዎ ነው እትዬ፤ እርስዎ ይልቀቁት" አለ። እኔን ደግሞ፣ "ጋሼ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይቁጠሩልኝ። ከለቀቁት ጀምሮ እስኪያርፍ" አለኝ።

ዘይነባ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አራት እርምጃ ሮጠች። ሮጠች! ከዚያ ለቀቀችው። ሜዳው በሙሉ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ፤ ጩኸት ሆነ። ያ ቢጫ ነገር ወደ ላይ ወጥቷል፣ ዞሯል ይላሉ። እኔ አላየሁም። የማየው ደረቷን ነው። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ከፍ ሲል አንድ አልኩ። ዝቅ ብሎ እንደገና ከፍ ሲል ሁለት አልኩ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆየ፤ እኔም አብሬ ቆየሁ። ከዚያ መጣ። አራት። አምስት። ስድስት። ፉጨት የለውም። ሰባት ላይ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አርፏል ማለት ነው።

መምህሩ ደብተሩን ይዞ እየሮጠ መጣ። "ስንት ሆነ ጋሼ?"

"ሰባት።"

"ሰባት ብቻ? እኔ ከሃያ ያለፈ መስሎኝ ነበር እኮ። እርግጠኛ ነዎት?"

"ሰባት ነው ጻፍ። አንድም አላመለጠኝም።"